የእንሺራህ ክሪክ

እንሺራህ ዓርብን አትወድም። ሌላው ሰው በሳምንት አንዴ የሚያርፍባትን ቀን እሷ እንደ ጥርስ ሕመም ነው የምትጠብቃት። ጥፋቱ የባሏ የመህሩስ ነው እንዳይባል፣ መህሩስ ደግ ሰው ነው፤ እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ ምግብም አያማርጥም። ጥፋቱ የመኪናው ነው።

መኪናው ሰማያዊ ፊያት መቶ ሃያ ስምንት ነው፤ ከመህሩስ ጋር አብሮ ያረጀ። መህሩስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ሠርቶ፣ በኋላ የፈረቃ አለቃ ሆኖ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ገና በአርባ ስምንት ዓመቱ ጡረታውን ይዞ ቤት ገባ። ቤት የገባ ወንድ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ወይ ወጥ ቤት ገብቶ ሚስቱን ሽንኩርት አከታተፍ ያስተምራል፣ ወይ ቡና ቤት ተቀምጦ ዓለምን ያስተካክላል። መህሩስ ሁለቱንም ተወና መኪናውን ወስዶ ዝቅ እንዲል ሞላውን አስቆረጠ። የፊቱን በመጋዝ፣ የኋላውን ባሌስትራ በብረት ሽብልቅ፤ ብቻ ሲመለስ መኪናው እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መስሎ መሬት ላይ ተለጥፎ ነበር። የሰፈሩ፣ የከርሙዝ ጎረምሶች አጨበጨቡለት። እኩዮቹ ግን «መህሩስ አርጅቶ ሲጨርስ ጎረመሰ» ብለው ሳቁበት።

እንሺራህም ያን ቀን ስቃለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ «ቀሚስ ሲያጥር አይቻለሁ፣ መኪና ሲያጥር ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» ብላው ነበር። ሳቋ የቆየው እስከ መጀመሪያው ዓርብ ነው።

ዝቅ ያለ መኪና ሁልጊዜ የሆነ ነገሩን ይመታል። እስክንድርያ ደግሞ የመንገድ ጉብታ አያልቅባትም፤ አንድ ሰው ቤቴ ደጃፍ ላይ መኪና ይፈጥንብኛል ካለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሲሚንቶ አቡክቶ ይወጣና የራሱን ጉብታ ይሠራል። መህሩስ ሰኞ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ያስገጫል፣ ረቡዕ የዘይት መያዣውን ያስፍቃል፣ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ከሥሩ ይተኛና ይጠግናል። ለመተኛት መኪናው መነሳት አለበት። ለመነሳት ክሪክ ያስፈልጋል። ተራ ክሪክ ደግሞ ከዚህ መኪና ሥር አይገባም። ስለዚህ መኪናውን የሚያነሳው ሰፈሩ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሐጂ ደሱቂ ይመጣሉ፤ እሳቸው ሸምግለዋልና አያነሱም፣ ያዛሉ። ዓሣ ሻጩ ራምሲስ ይመጣል፤ የክንዱ ውፍረት የሌላ ሰው ጭን ያህላል። ሌሎችም መንገድ ላይ ያሉ ወንዶች ይጨመራሉ። ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ከሥር ይይዛሉ፣ ሐጂ «ያላህ» ይላሉ፣ መኪናው ከፍ ሲል መህሩስ ጡብ ደርድሮ ያስገባል። ከዚያም ጡቡ ላይ ከቆመው መኪና ሥር ይተኛል። እንሺራህ ይህን ላለመስማት ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍት ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ የቧንቧው ውኃ ያልሸፈነው ድምፅ ሰማች። ወደ መስኮቱ ሮጠች። አንደኛው ጡብ ተሰንጥቆ ዱቄት ሆኗል፣ መኪናው ቁጭ ብሏል፣ መህሩስ ደግሞ ቁልፍ ለመቀበል ከወገቡ በላይ ወጣ ባለበት ቅጽበት ስለሆነ እግሩን ስቦ ከጎኑ ቆሟል። ወንዶቹ እግዜርን አመሰገኑ፣ ትንሽ ሳቁም። እንሺራህ ግን ደረቱ የነበረበትን ቦታ ነው ያየችው።

ማታ አልጠበቀችም። እዚያው ሐጂ ደሱቂና ራምሲስ ሻይ ሊጠጡ በገቡበት መህሩስ ፊት ለፊት ቆመች።

«ወይ ክሪክ ትገዛለህ፣ ወይ መኪናውን ትሸጣለህ።»

«ከዚህ መኪና ሥር የሚገባ ክሪክ የለም» አለ መህሩስ።

«ፈልገህ ነው?»

«መፈለግ አያስፈልግም። የለም አልኩሽ።»

«እኔ ባገኝስ?»

መህሩስ ሰው ፊት ባይሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር። ሰው ፊት ሆነና አፉ ቀደመው። «እንግዲያው ስሙኝ፤ እሷ ክሪክ አምጥታ ከዚህ መኪና ሥር ካስገባች፣ ከዚያ በኋላ እኔ ጡብ ላይ አቁሜው ብተኛ፣ ሚስቴ የተፈታች ትሁን። ካልገባ ደግሞ እስክሞት ድረስ ስለ መኪናዬ አንድ ቃል አትናገሪም።»

«እስክትሞት?» አለች እንሺራህ። «እሱማ ሩቅ አይደለም።»

ሐጂ ደሱቂ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አንተ ሰውዬ፣ ክሪክና ፍቺን ምን አገናኛቸው? ምላስህን ሰብስብ እንጂ።» ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መሐላው ተምሏል፣ ሁለት ሰው ሰምቷል። ራምሲስም ጉዳዩን ዓሣ ከሚገዛው ሰው ሁሉ ጋር ስለሚያወራ፣ እስከ ማግስቱ ከርሙዝ በሙሉ ሰማ።

መህሩስ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ እንሺራህ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወረደች። መንገዱ ላይ ተንበረከከችና ሜትሩን ከፊቱ ጎማ ኋላ፣ ብረቱ ወፈር ካለበት፣ መህሩስ ሁልጊዜ ጡቡን ከሚያስገባበት ቦታ ሥር አስገባች። ዘጠኝ ሴንቲ። ደግማ ለካች፤ ዘጠኝ። ራምሲስ ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ ቆመና በልጇ ስም ጠራት።

«የሰልማ እናት፣ ለመኪናው ቀሚስ ልትሰፊለት ነው?»

«ሱሪ። ራቁቱን መሄዱ አሳፈረኝ።»

የእቁብ ተራዋ ደርሶ ስለነበር ገንዘብ አልቸገራትም። በማግስቱ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት መንገድ ሄደች። እዚያ መንገድ ላይ ሴት ብርቅ ናት፤ በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጡት ወንዶች አንገታቸውን አዙረው እስኪያማቸው አዩዋት። ክሪክ በብዛት የተደረደረበት ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ዘኪ የሚባል ወፍራም ሰው ነው፣ ሳንድዊቹን በጋዜጣ ይዞ ነበር።

«ምን ልታዘዝ ሐጃ?»

«መጀመሪያ ሐጃ አይበሉኝ፤ ገና መካ አልሄድኩም። ክሪክ ፈልጌ ነው።»

«ልጅዎ ልኮዎት ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ዝቅ ለተደረገ ፊያት መቶ ሃያ ስምንት የሚሆን።»

ዘኪ ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «አዎ፣ የልጅዎ ነው። እነዚህ ልጆች እኮ...»

«የባሌ ነው።»

«የባልዎ? ዕድሜው ስንት ነው?»

«የመኪናው ወይስ የባሌ?»

ዘኪ ሳቀና ከዚያ በኋላ እንደ ደንበኛ ያወራት ጀመር። ክሪኮቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ወለሉ ላይ አስተካከላቸው። ሁሉም ከሥራቸው ትንንሽ የብረት ጎማ አላቸው፣ ከኋላቸው ረጅም ዘንግ አላቸው፣ ከፊታቸው መኪናውን የሚሸከም ክብ መዳፍ አላቸው። የመጀመሪያው ትልቅና ቀይ ነው፤ «ይሄ ለጭነት መኪና ነው፤ ለእርስዎ መኪና ካመጣሁት ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት» አለ። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ መዳፉ ከወለሉ ሰባት ሴንቲ ተኩል ብቻ ነው የሚርቀው።

«ይሄማ ከምንም ሥር ይገባል» አለች እንሺራህ።

«ይገባል። ግን መግባት ብቻውን ምን ያደርጋል? አንገቱ አጭር ነው፤ ትንሽ አንስቶ ይደክመዋል። ክሪክ ሲመርጡ የሚገባበትን ብቻ አይዩ፣ የት ድረስ እንደሚያነሳም ይዩ።» ዘኪ ከመደርደሪያ ሁለት ባለ ሦስት እግር የብረት መደገፊያ አወረደ። «ይሄን ደግሞ ካልገዙ ክሪክም አልሸጥልዎትም። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይጠብቅም። ውስጡ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ያመልጣል። ካነሱ በኋላ መኪናውን እነዚህ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ያ ቀጭኑ ግን እነዚህን የሚያስገባ ያህል ከፍታ አይሰጥዎትም።»

እንሺራህ ደስ አላት። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ ልቧ ውስጥ የያዘችውን ፍርሃት አንድ ወንድ እንደ ሥራ ጉዳይ፣ ሳይስቅባት ሲናገረው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ይህን ሰው ወደደችው።

ሦስተኛው መሐል ላይ ያለ ነው። አንገቱ ረጅም፣ ጉልበቱ ጠንካራ፣ ጥቂት ጊዜ ሲረገጥ ግማሽ ሜትር ያህል ያነሳል። መዳፉ ከወለሉ አስራ አንድ ተኩል ነው።

«የመኪናዎ ሥር ከመሬት ስንት ነው?»

«አስራ ሁለት» አለች እንሺራህ።

«ከፊት መከላከያው፣ ከፓራውልቱ ነው የለኩት ወይስ ከሚነሳበት ቦታ?»

«ከሚነሳበት ቦታ፤ ከጎማው ኋላ።»

ዘኪ ቅንድቡን አነሳ። «ጎበዝ ነዎት። ወንዱ ሁሉ ፓራውልቱን ለክቶ እየመጣ ነው የሚጨቀጭቀኝ።»

«እኔ ሰው ስለካ ነው የኖርኩት» አለች፤ ኮራ ብላ። «ካልገባስ?»

«ያምጡትና እቀይራለሁ።»

ክሪኩንና መደገፊያዎቹን በባጃጅ አስጭና ተመለሰች። መህሩስ ቡና ቤት ነበር። ዕቃውን የስፌት ክፍሏ ውስጥ አሮጌ መጋረጃ አለበሰችው፤ እስከ ዓርብም ማንም አላየውም። በእነዚያ ቀናት የሰፋችው ልብስ ሁሉ እየዘፈነች ነው የተሰፋው።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ወንዶቹ ከወትሮው በርክተው መጡ። ሰው ጨዋታ እንዳለ ሰምቷል። እንሺራህ ክሪኩን በዘንጉ እየጎተተች ወጣች፣ መጋረጃውን ገፈፈችለት፣ መኪናው ጎን አቆመችው። መህሩስ ዙሪያውን ዞሮ አየውና «ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። ሐሰት አይናገርም፤ እውነትም ጥሩ ዕቃ ነበር።

ገፋችው። ገጭ አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። መዳፉ የመኪናውን ጠርዝ መትቶ ቆሟል። ወደ ሌላኛው ጎን ወሰደችው፤ እዚያም ገጭ አለ። መንገዱ ጎርብጦ ይሆናል ብላ ወደ ፊት አስጠጋችው፤ ገጭ። አንድ ሰው ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ። እንሺራህ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እንደገና ለካች። ዘጠኝ። ያኔ ነው የገባት።

ልብስ ሰፊ የለካችውን አትናገርም። ወገብ ለክታ ሁለት ጣት ትጨምራለች፣ ደረት ለክታ ሁለት ጣት ትጨምራለች፤ ሰው ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይቀመጣል፣ ልብስ ደግሞ መፈናፈኛ ይፈልጋል። እንሺራህ ይህን ስታደርግ ስለኖረች መጨመሩን አታስበውም፤ ዐይኗ ዘጠኝ ያያል፣ አፏ አስራ ሁለት ይላል። ለዘኪ የነገረችው ለመኪናው የሚሰፋለትን ልብስ ነበር። መኪና ግን አይተነፍስም። እዚህ መቀነስ ነበረባት፣ እሷ ጨመረች።

ይህን ሁሉ ለማን ታስረዳ? ሜትሯን መልሳ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

መህሩስ አልሳቀባትም። መሳቅ ይችል ነበር፤ አልሳቀም። «እንግዲህ» ብቻ አለ፤ ዞሮም ጡቦቹን ማምጣት ጀመረ። አዲስ ጡቦች ናቸው። ራምሲስና ሌሎቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ፓራፋንጎውን ያዙ። መህሩስ በሁለት እጁ ጡብ ይዞ ተንበረከከ።

እንሺራህ ያቺን ጡብ ስታይ ፈራች። ደግሞ ተናደደች። ከዛሬ በኋላ አፏ ሊዘጋ ነው፤ ዓርብ በመጣ ቁጥር ቧንቧ ከፍታ ልትቆም ነው፤ አንድ ቀን ከቧንቧው ድምፅ በላይ የሆነ ነገር ልትሰማ ነው።

«ያላህ» አሉ ሐጂ ደሱቂ።

መኪናው ከፍ አለ። እንሺራህ የክሪኩን ዘንግ በሁለት እጇ ያዘችና ባላት ኃይል ገፋችው። ክሪኩ በመህሩስ አፍንጫ ሥር፣ ከጡቡ ቀድሞ፣ ተንከባልሎ ገባ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽን!» አለ ራምሲስ ፊቱ ቀልቶ።

«እጄ እዚህ ነው። አውርዱት።»

«አውርዱት» አሉ ሐጂም።

አወረዱት። መኪናው መዳፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ቆመም።

«ገባ» አለች እንሺራህ።

መህሩስ ጡቡን እንደያዘ ተነሳ። «ይሄማ አይሆንም። ሰው አንስቶት ነው እኮ የገባው።»

ሐጂ ደሱቂ ጢማቸውን እየዳበሱ ጥቂት አሰቡ። «አንተ ስትምል ‹ካስገባች› አልክ ወይስ ‹ብቻውን ከገባ› አልክ?»

«ሐጂ፣ እርስዎም ያውቃሉ እኮ ምን ማለቴ እንደሆነ።»

«እኔ የሰማሁትን ነው የማውቀው። ‹ካስገባች› ነው ያልከው፤ አስገብታለች። ሰው አገዛት አላገዛት መሐላህ ውስጥ የለም። አሁን ጡብህ ላይ ተኛና ማታ ደግሞ የምታድርበት ቤት ፈልግ፤ ይህች ሴት አንተ ላይ እርም ትሆናለች። ይኸው ነው። ሁለተኛ በፍቺ የምትምለው ምላስህን ጋግሬ ከሸጥኩልህ በኋላ ነው።»

መህሩስ ወደ ራምሲስ ዞረ፤ እርዳታ ፍለጋ ነው።

«እኔን በዚህ አታስገቡኝ» አለ ራምሲስ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እኛ ዘንድ ፍቺ የለም። ከእነ ጡቡ ነው የምንኖረው።»

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። መህሩስም ሊስቅ ሲል ራሱን ያዘ። ጡቡን ግድግዳው ሥር አስቀመጠ፤ ዘንጉን ያዘና ወደ ላይ ወደ ታች ያደርገው ጀመር። መኪናው በእርጋታ፣ ያለ ምንም ሰው እጅ፣ ተነሳ። መደገፊያዎቹን እንሺራህ ራሷ አቀበለችው። መኪናውን ገፍቶ ነቅንቆ ሞከረው፤ አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ተኛ። እንሺራህ ቤት ገብታ የወጥ ቤቷን በር ዘግታ አለቀሰች፤ የደስታ ነው። ቧንቧ አልከፈተችም።

በዚያ ሳምንት መህሩስ ዝም አለ። ድሮም ብዙ አያወራም፤ ይሄ ዝምታ ግን ሌላ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓሣውን እየፈለፈለ፣ ሳያያት፣ «ያ ዘኪ የምትይው ሰውዬ በቀጭኑ ይቀይርልሻል?» አላት።

«ካልገባ አምጪው ብሎኛል።»

«እንግዲያ ቀይሪው። ያለ ሰው የሚገባ ከሆነ ብቻዬን እጨርሳለሁ። ሰው ማስቸገርም ይቅር።» ይህን ብሎ ሳህኑን ገፋ። ግማሹን እንኳ አልበላም። እንሺራህ መሸነፉ ነው ያስኮረፈው አለችና ተወችው። ወንድ ልጅ ኩርፊያው ከጉንፋን አይበልጥም፤ ሳይታከሙት ይድናል።

ዘኪ ዘንድ ሄዳ ነገሩን ስትነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «ሁለት ጣት ጨመሩበት? ለመኪና?» ከዚያ ዐይኑን እየጠረገ፣ «አዲስ ዕቃ ገብቶልኛል፤ እንደ ቀጭኑ ዝቅ ያለ፣ ግን ከፍ አድርጎ የሚያነሳ። ያንን ይመልሱና ይሄን ይውሰዱ፤ ጭረት ቢኖረውም ለእርስዎ ስል አላይም» አላት። ጥቂት ቆይቶም፣ እውነተኛ ሰው ነውና፣ «ደግሞ ካሰለቸዎት ምንም መቀየር አያስፈልግም። ሁለት ሳንቃ ከጎማዎቹ ፊት ያስቀምጡና ባልዎ መኪናውን ሳንቃው ላይ ያውጣው። ሁለት ጣት ከፍ ይላል፤ አለቀ» አለ። እንሺራህ አመሰገነችው። ክሪኩ ከባድ ስለሆነ አልያዘችውም ነበር፤ ቅዳሜ በባጃጅ ልታመጣው ተስማሙ።

ስለዚህ ያን ዓርብ ክሪኩ ያው ክሪክ ነበር፣ መኪናውም ያው መኪና። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ እንሺራህ አትፈራም። ስላልፈራችም ወጥ ቤት አልገባችም፤ መስኮቱ ላይ ክርኗን አስደግፋ ቆመች። ዓርብን ሳትፈራ ቆማ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

መህሩስ ከጸሎት እንደተመለሰ የመኪናውን ዙሪያ ጠርጓል። ጢሙን ተላጭቷል። ከቤት ወንበር አውጥቶ ለሐጂ ደሱቂ ጥላ ውስጥ አስቀምጧል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነገር አልነበረውም፤ መኪናውን በጨርቅ እየወለወለ በየደቂቃው ወደ መንገዱ ጫፍ ያያል። ሐጂ ብቅ ሲሉ ጨርቁን ጣለ። ራምሲስ ጋሪውን ጥግ አስይዞ ሲመጣ መህሩስ ከሩቅ ጮኸበት፤ «እጅህን ሳትታጠብ መኪናዬን እንዳትነካ፣ ቀለሙ ይሸታል።» ራምሲስም «የአንተ መኪና ሽታ ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ የት እንዳለ እናውቅ ነበር፤ ከጉልበት በታች ስለሆነ አይታይም» አለ። ሳቁ። መህሩስ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። እንሺራህ ያ የጎደለው የኋላ ጥርሱ ከመቼ ወዲህ እንደጎደለ እንኳ አላወቀችም፤ ቤት ውስጥ እንዲህ ስቆ አሳይቷት አያውቅም።

«አንተ ወደ ግራ፤ አንተ ብረቱን እንጂ ቀለሙን አትያዝ፤ ወገብህን አስተካክል» እያለ ወንዶቹን ቦታ ቦታ ያስይዛል። ድምፁ ከፍ ብሏል። እንሺራህ ያን ድምፅ አወቀችው። ፋብሪካው ደጃፍ ምሳ ልታደርስለት ስትሄድ የምትሰማው፣ የፈረቃ አለቃው መህሩስ ድምፅ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሞተ መስሏት ነበር፤ ለካ ሳምንት ሙሉ ታፍኖ የሚወጣው በዓርብ ነው፣ እሷ ቧንቧ ከፍታ ስትቆም።

ክርኗን ከመስኮቱ አነሳች። «ብቻዬን እጨርሳለሁ» ያለው ኩርፊያ አልነበረም። ክሪኩ የሚያነሳው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ እነዚህን ሰዎች ሁሉ ከደጁ የሚያነሳበት ነው። ይህን ደግሞ ለማንም መናገር አይችልም። አርባ ሰው ያዘዘ ሰው «ኑልኝ፣ ብቸኛ ነኝ» አይልም።

ሐጂ ደሱቂ ከወንበራቸው ቀና ብለው መስኮቱን አዩ።

«የሰልማ እናት፣ ያ ነጋዴ ክሪኩን ቀየረልሽ? ራምሲስ ወገቤን እያለ ነው።»

ሁሉም ወደ ላይ አዩ። መህሩስ ብቻ ቀና አላለም፤ የጠራ ቁልፍ ይዞ እንደገና ይጠርገው ጀመር።

«አልቀይርም አለኝ» አለች እንሺራህ።

«እንዴት? ቃል ገብቶልሽ አልነበረም እንዴ?»

«ተቧጭሯል አለ። ሄጄ ለምኜው ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።»

መህሩስ ቀና አለ። «አላልኩም?» አለ። «አላልኩሽም እኔ? ነጋዴና እምነት የት ተገናኝተው ያውቃሉ! ደግሞ ያ ዘኪ ስሙ ራሱ ደስ አላለኝም ነበር።» ዘኪን ሰደበ፣ የዘኪን ሱቅ ሰደበ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሰደበ፤ ሲሳደብ ፊቱ እንደ በዓል ፊት በርቶ ነበር። እንሺራህ ዘኪን በልቧ ይቅርታ ጠየቀችው። ምንም ያላጠፋ፣ ደህና ሰው ነው።

ራምሲስ ፓራፋንጎውን ለቀቀና ራሱን እያከከ መኪናውን አየ። «ቆይ እስቲ፣ ጎማው ፊት ሳንቃ ቢጤ ብናደርግና...»

«ራምሲስ» አለች እንሺራህ ከላይ። «ዓሣህን ድመት እየበላው ነው።»

ራምሲስ ዞሮ ጋሪውን አየ። ድመት የለም። ወደ መስኮቱ አየ፤ እንሺራህ ዐይኗን አልነቀለችም። ከዚያ መህሩስን አየው፤ መህሩስ ተንበርክኮ ክሪኩን መኪናው ጎን እያስተካከለ፣ «ሁለት ጣት ብቻ፤ ሁለት ጣት ካነሳችሁልኝ ይበቃኛል» እያለ ነው።

«እሺ፣ ያዙ እንጂ ታዲያ» አለ ራምሲስ፤ ጎንበስ ብሎም ፓራፋንጎውን ያዘ።